ከቀኑ 9፡52

በ2017 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት እኔ ሐሰተኛ ነቢይ ነበርኩ። ትንቢቴ የወጣው በቴሌግራም ነው፤ ያመኑኝ ደግሞ የእናቴ ጎረቤቶች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ ለዚያ የንስሐ አባት አለኝ። የምጽፈው ልከራከር ነው። ክርክሬ ይኼ ነው፦ ችኮላን ከትጋት ቆጥረን ተሳስተናል። በተለይ ገናን በምንጠብቅባቸው በእነዚህ ሳምንታት ቀስ ማለት የእምነት ዋና ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ያልሠራ ሰው፣ ኮድ ጻፈም ሰበከም፣ ጎረቤቱን ይጎዳል። እኔ ጎድቻለሁና አውቀዋለሁ።

ያደግኩት አዋሽ አርባ ነው። አዋሽ ሰባትን አልፎ ወደ ገዋኔና ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከተማችንን ያቋርጣታል፤ ወርዶ የሚያያት ግን ጥቂት ነው። ቀንም ሌሊትም ተሳቢ ያልፋል። ስሟ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የወታደር ካምፑን ነው። እናቴ ዛሬም እዚያ ነው የምትኖረው። እኔ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ ኮድ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ዕድሜዬ 28 ነው። ሥራ ቦታችን ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው ቃል «ቶሎ» ነው። ቶሎ ልቀቀው፣ ስሕተቱን በኋላ ታስተካክለዋለህ። እኔም በዚህ ሃይማኖት በደንብ የተጠመቅኩ ነበርኩ።

ከተማችን ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች ብዙም አትርቅም። አካባቢው የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዐረቢያ የመሬት ንጣፎች በአፋር ተገናኝተው ቀስ እያሉ የሚለያዩበት ስምጥ ሸለቆ ነው። ቀስ እያሉ ስል በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠር ማለቴ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ግን ከመሬቱ ሥር ቅልጥ ዐለት እየተገፋ ሲገባ መሬቱ በተደጋጋሚ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ እንቅጥቅጡ ጋብ ያለ መስሎ ነበር፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንደገና በረታ። አንዳንድ ቀን ከአንድ በላይ፣ አንዳንዱ እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ የሚሰማ። ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ፣ ከዶፈን በኩል እንፋሎትና አቧራ ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣና አገር ተረበሸ።

የዚያን ቀን ማታ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ከአንድ ዓለም አቀፍ ነጻ የመረጃ ቋት የመሬት መንቀጥቀጥ ዝርዝር እየወሰደ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ የሚልክ ቦት ጻፍኩ። ግሩፑ የሰፈራችን ነው፤ እድርተኛው፣ ሹፌሩ፣ የድሮ ክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አሉበት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ለቀቅኩትና በራሴ ኮርቼ፣ ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ተኛሁ።

እዚህ ላይ ስሕተቱን በዝርዝር ላስረዳ፤ ኮድ የማይጽፍ ሰውም ይገባዋል። የመረጃ ቋቱ ሰዓት በግሪንዊች ነው። ሦስት ሰዓት ስትጨምር የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ታገኛለህ፤ ከዚያ ላይ ስድስት ስትቀንስ የኛ የሐበሻ ሰዓት ይመጣል። ታዲያ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ስድስት ሲቀነስ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይሆናል። ያንን ወደ 24 ሰዓት መመለስ ሲገባኝ ወደ 12 መለስኩት። ቁጥሩ ትክክል ወጣ፤ ሌሊቱ ግን ቀን ሆነ። በማታ ሰዓት ሞከርኩት፣ ሠራ። በንጋት ሰዓት አልሞከርኩትም። ቸኩዬ ነበራ።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 26፣ ከሌሊቱ 9፡52 ላይ፣ በወቅቱ 5.8 ተብሎ የተነገረው እንቅጥቅጥ ደረሰ። የእኔ ቦትም በታማኝነት ጻፈ፦ ዛሬ፣ ከቀኑ 9፡52፣ አዋሽ አካባቢ፣ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጥንቃቄ ይደረግ።

ሰው ምን ብሎ ያንብበው? የሌሊቱን በአካሉ ሰምቶታል፤ ሰዓቱንም አይቷል። ከዚያ ደግሞ ከቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚል መልእክት፣ ያውም አዲስ አበባ ኮምፒውተር ከተማረው ከእርሷ ልጅ፣ ይደርሰዋል። ይደገማል ማለት ነው! መልእክቱ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሄደ። እኔ የነቃሁት ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እናቴ ስትደውል ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ሰዓት ከየት የመጣ ነው?» አለችኝ።

ማስተባበያ ጻፍኩ፤ ስሕተት ነው፣ የሌሊቱ ነው፣ ይቅርታ። ማስተባበያ ግን እንደ ወሬ እግር የለውም። እናቴ በየቤቱ እየዞረች ብትነግርም ሰፈሩ ፀሐይ ላይ ወጥቶ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጠ። ሕፃናት አለቀሱ። እቃውን ጭኖ የሄደም ነበር። አንድ የምናከብራቸው የአፋር ሽማግሌ አምስት ፍየሎቻቸውን በግማሽ ዋጋ ለአላፊ ሹፌር ሸጡ፤ ቤተሰባቸውን የሚያሸሹበት የመኪና ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበርና። 9፡52 መጣ፤ አለፈ። በሌላው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ለእናቴ ጾም የምትፈታበት ሰዓት ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ በፍርሃት የጠበቀው ሰዓት እኔ የፈጠርኩት ሆነ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ።

በእነዚያ ሳምንታት ስልካችን ላይ ሁለት ዓይነት ነቢያት ነበሩ። አንደኞቹ የአደባባዮቹ ናቸው፦ እንቅጥቅጡ የእገሌ ኃጢአት ቅጣት ነው፣ በዚህ ቀን ይኼ ከተማ ይገለበጣል፣ ቪዲዮውን ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ ይጠንቀቅ። እነዚህን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ሁላችንም ነቅፈናል፤ ነቅፈንም አጋርተናል። ሁለተኞቹ እኔና መሰሎቼ ነን። በመስቀል ፋንታ ግራፍ እንይዛለን። ፍላጎታችን ግን አንድ ነው፦ ያልተሰጠንን ሰዓት ቀድሞ ማወቅ፣ አውቆም ቀድሞ መናገር። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚናገር ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም፤ የዘርፉ ባለሙያዎች ይህን ሳያፍሩ ይናገራሉ። የሚችሉት የት አካባቢ፣ በምን ያህል ዕድል፣ በምን ያህል ዓመት ውስጥ የሚለውን ማስላት ነው። ባለሙያው «አላውቅም» ሲል እኛ አማተሮቹ ክፍተቱን በፍጥነት ሞላነው።

ይህ የሆነው በየትኛው ጾም ነው? በነቢያት ጾም! ነቢያት እነማን እንደነበሩ የረሳን ይመስለኛል። ቤተ ክርስቲያን ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 የምታስታውሳቸው ሰዎች ተናግረው ያላዩ ናቸው። ኢሳይያስ ስለሚወለደው ሕፃን ከተናገረ በኋላ ሰባት መቶ ዓመት ያህል አለፈ። እርሱ ሞተ፤ የሰሙትም ሞቱ። ቀጠሮውን ለማፋጠን የሞከረ የለም። የእነርሱ ነቢይነት ሰዓት ከማወቅ ይልቅ ሰዓት ሳያውቁ ቀጥ ብሎ መቆም ነበር።

«ለአዳም እኮ ቁጥር ተሰጥቶታል» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በአምስት ቀን ተኩል እመጣለሁ ተብሎ ቃል እንደተገባለት አባቶች ያስተምራሉ። ቀኑ ግን በአዳም ቀን የሚቆጠር አልነበረም፤ አንዱ ቀን ሺህ ዓመት ሆኖ 5500 ዘመን ጠበቀ። ይህን ትምህርት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን ሰዓት መለወጥ አቅቶኝ ሰፈር ካስጨነቅኩ በኋላ ነው። ቁጥር መያዝና ቁጥሩ በማን ሰዓት እንደሚነበብ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በኢሳይያስ 28፥16 ላይ ስለ መሠረት ድንጋይ የሚናገር ቃል አለ። በዚያ መሠረት የሚያምን ሰው ምን እንደማይሆን ሲገልጽ የዕብራይስጡ ንባብ መቸኮልን ያነሣል፤ የግሪኩ ደግሞ ማፈርን። ሊቃውንቱ ስለ ልዩነቱ የሚሉትን ለእነርሱ እተዋለሁ። እኔ በአንድ ቅዳሜ ሁለቱን አንድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፦ ጠዋት ቸኮልኩ፣ ከሰዓት በኋላ አፈርኩ።

በሥራ ቦታዬ ይህን ሳነሣ አንድ ጓደኛዬ በጥሩ ሁኔታ ተቆጣኝ። «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ መሬት እየተሰነጠቀበት ያለውን ሰው ቀስ በል፣ በእግዚአብሔር ታመን ትለዋለህ? ይኼ እኮ ሰው ይገድላል» አለኝ። ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ በዋዛ አላልፈውም። እውነትም «እግዚአብሔር ያውቃል» እያለ ከተሰነጠቀ ግድግዳ ሥር የሚተኛ ሰው አለ። መንግሥት በዚያን ሰሞን ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከአካባቢው አወጣለሁ ማለቱም በከንቱ አልነበረም። መውጣት ያለበት ሰው ይውጣ፤ ይሩጥም።

ነገር ግን እናቴ ምን እንዳደረገች ልንገርህ። መስከረም ላይ የመጀመሪያው እንቅጥቅጥ ሲሰማ አልጋዋን ከግድግዳው አራቀች። በጥቅምት የቤት ካርታውን፣ መታወቂያዋንና የአባቴን ፎቶ በፌስታል ጠቅልላ በር አጠገብ ሰቀለች። በኅዳር ሁለት ጀሪካን ውኃ ከደጅ አስቀመጠች፤ በየሦስት ቀኑ ትቀይረዋለች። ከዚያ አጎበሯን ደጅ ዘርግታ መተኛት ጀመረች፤ ማታ ማታ ትጸልያለች፣ ትተኛለች። በዚያ ሌሊት መሬቱ ሲናወጥ እርሷ ደጅ ነበረች። እኔ በሦስት ሰዓት ከሠራሁት ይልቅ እርሷ በሦስት ወር የሠራችው ሰው ያድናል። የአፋር ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ ናቸው፦ ግመላቸውን ሳያስሩ አይተኙም፤ ካሰሩ በኋላ ግን ይተኛሉ። እምነት ከማሰር አያስቀርም። የሚያስቀረው ካሰሩ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ገመዱን ሲነካኩ ማደርን ነው።

ፍጥነት የሚያድንበትም ቦታ አለ። የጃፓን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መሬቱ መናወጥ ከጀመረ በኋላ ቀድሞ የሚደርሰውን ቀላል ሞገድ ይዞ፣ ከባዱ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ሰከንዶች ያተርፋል። እዚያም ቢሆን ትንቢት የለም። ለዚያ ለጥቂት ሰከንድ ፍጥነት የመለኪያ ጣቢያዎችን ለዓመታት መትከል፣ መፈተሽ፣ ሕዝቡን ማለማመድ አስፈልጓል። እኛ ፍሬውን ስናይ የዘገየውን ሥራ አናይም። ከዚያ በአንድ ማታ ቦት ጽፈን ጃፓን የሆንን ይመስለናል።

ጾሙ ራሱ ይህን ያስተምራል። ከ44ቱ ቀናት 40ው የነቢያት ነው፤ አንዱ የገሃድ ነው። ሦስቱ ግን በ10ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው የአብርሃም ሶርያዊ መታሰቢያ ነው። በትውፊቱ መሠረት ገዢው ተራራ አፍልስ ብሎ አስጨነቀው፤ ፓትርያርኩ የጠየቀው ሦስት ቀን ነበር። በእኛ ቋንቋ የሦስት ቀን ዴድላይን። በዚያ ዴድላይን ውስጥ ሲሯሯጥ አልዋለም፤ ከሕዝቡ ጋር ጾመ፣ ጸለየ። የተላከለትም ሰው ስምዖን ጫማ ሰፊው ነው፦ ከሥራው በፊት ለአቅመ ደካሞች ውኃ እየቀዳ የሚያድል፣ ማንም የማያውቀው ሰው። ካይሮ አጠገብ የሙቀጠም ተራራ ፈለሰ ይባላል። ተራራ የሚንቀሳቀስበትን ታሪክ በየዓመቱ እየጾምን፣ ከታሪኩ ውስጥ የምንወደው ተራራውን ብቻ ሆነ፤ ውኃ መቅዳቱን ረሳነው።

ታኅሣሥ 27፣ በማግስቱ፣ እሑድ ነበር። የዚያ ዓመት የኖላዊ እሑድ። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ፤ ኖላዊ በግእዝ እረኛ ማለት ነው። ወንጌሉ በጎቹ ድምፁን ስለሚያውቁት እረኛ ነው። እናቴ ደጅ አድራ ደጀ ሰላም ሄደች። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስለ አምስት ፍየሎች እያሰብኩ ዋልኩ። እረኛውን ድምፅ አሳስቼ ከመንጋው የለየሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ በዋዜማው፣ ገንዘብ ይዤ ወረድኩ። ለገና ልብስ የያዝኩትን ነው። ሽማግሌው ቤት ስደርስ ኤንቨሎፑን ቶሎ ሰጥቼ፣ ይቅርታ ብዬ መውጣት ነበር ሐሳቤ። አልሆነም። አፋር ዳጉ የሚባል ባህል አለው፦ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቆመው ወይ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይለዋወጣሉ። መንገድ ይቸኩላል ተብሎ አይዘለልም። ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። አሳስቶ የተናገረ ሰው ስሙ ይጠፋል። ስልክ ሳይኖር በዚያ በረሃ ወሬ ከጫፍ ጫፍ የደረሰው፣ የታመነውም፣ ሰው በመቆሙ ነው።

አስቀመጡኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ መተሐራ፣ በመንገድ ስላየሁት ስንጥቅ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። መለስኩ። ከዚያ ወደ ሰዓቱ መጡ።

«ሰዓቱን አንተ አየኸው?»

«አላየሁትም፤ ተኝቼ ነበር፤ ማሽኑ ነው የላከው።»

«ማሽኑ ሲልክ ማን አየው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማንም ያላየውን ለምን ላክህ?»

በአማርኛ ነው የጠየቁኝ፤ ሳይቆጡ። መልስ አልነበረኝም። ገንዘቡን አንድ በአንድ ቆጥረው ተቀበሉኝ። ያ ደስ አለኝ፤ «ተወው» ቢሉኝ ኖሮ አሁንም ዕዳ ነበረብኝ።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018፣ ልክ በጾሙ ዋዜማ፣ በሰሜን አፋር ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በተመዘገበ ታሪክ ሲፈነዳ የመጀመሪያው ነው ተባለ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ድረስ ሄደ፤ በረራዎች ተሰረዙ። ስልኬ ወዲያው ሞላ። ከአዋሽ አርባ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ነው፤ በሰፈራችን ግሩፕ ግን «እዚህም ሊፈነዳ ነው» የሚል ቪዲዮ ከሰዓታት በኋላ ደረሰ። ጣቴ «አስተላልፍ» ላይ ነበር፤ ለማስጠንቀቅ እኮ ነው! አላስተላለፍኩም። እናቴ ጋ ደወልኩ። ጀሪካኑን ቀይራ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በአዲስ አበባ የገና ባዛሩ፣ ኮንሰርቱ፣ የቅናሽ ማስታወቂያው ኅዳር ላይ ይጀምራል፤ የጾም ቀን የሚቆጥሩ መተግበሪያዎችም በዝተዋል። እኔም አንድ ጀምሬ ነበር፦ «ገና ሊደርስ ይኼን ያህል ቀን ቀረው»። አጠፋሁት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ግን ጾሙን መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚያስቸግር ተሳቢ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ቶሎ ቀድመኸው የምታልፈው ነገር። 44ቱ ቀናት የተሰጡን ግን እንድንቆይባቸው ነው።

ስለዚህ የምጠይቅህ ትንሽ ነው፣ ወዳጄ። ከአሁን እስከ ገና የመጣልህን አስፈሪ ወሬ ከመላክህ በፊት አንድ ሌሊት አሳድረው። ማን አየው ብለህ ጠይቅ። የሚያስቸኩል ከሆነ ደውል፤ የሰው ድምፅ እየሰማህ ንገር፤ ጥያቄም ካለው ጠብቀህ መልስ። በቀረው ጊዜ አልጋውን ከግድግዳ አርቅ፣ ውኃ ቅዳ፣ ለደካማ ጎረቤትህም ጨምር። ሰዓቱን ግን ለባለቤቱ ተውለት። ይህን ሁሉ አድርገህ መተኛት ካቃተህ፣ ያን ጊዜ ጸልይ፤ እኔም ያኔ ነው መጸለይ የጀመርኩት።

ቦቱ አሁንም አለ። ስሕተቱን አስተካክዬ በንጋት ሰዓት ሁሉ ፈትሼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ከእንግዲህ ለግሩፕ አይልክም፤ ለእኔ ብቻ ነው የሚልከው፤ እኔም አንብቤ፣ ከሌላ ምንጭ አመሳክሬ፣ አስፈላጊ ከሆነ ለእናቴ እደውላለሁ። ብዙ ጊዜ ከእኔ በፊት ሰምታዋለች። «አወቅነው ልጄ፣ ትንሽ ነበር» ትለኛለች፤ ከዚያ የሽሮዋን እሳት ልትቀንስ ስልኩን ታስቀምጠዋለች፤ እኔም እስክትመለስ እጠብቃለሁ።